ቱምቢ ዝም ያለችበት ቤት

ቱምቢ ብለው ስም ያወጡላት ግንበኞች ናቸው። ቱምቢ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን ለማየት በሲባጎ ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው፤ አይዋሽም፣ አያባብልም፣ ለማንም ብሎ አያዘነብልም። ሴትዮዋም እንደዚያው ናት። ፀጉሯ እስኪሸብት በአርክቴክትነት ስትሠራ፣ የሰው ግድግዳ አይታ "እጅህ ይባረክ" ያለችበትን ቀን የሚያስታውስ የለም። በመንገድ ስትሄድ ዓይኗ ምራቷን ልትጠይቅ እንደመጣች አማት ነው፤ ከደጃፍ እስከ ጓዳ ጉድፍ ሲለቅም ይውላል። ያገኘውንም ምላሷ ተቀብሎ ለሰፈሩ ያደርሳል።

"ይህን ከተማ የሠሩት ሰዎች ቤት ገብተው አያውቁም" ትላለች። "በመኪና መስኮት፣ በሩቁ ነው ያዩት።"

የሚቀርቧት ግን አንድ ምስጢር ያውቃሉ። ቱምቢ መጥፎ ቤት ፊት ስትቆም አፏ አይዘጋም፤ ደህና ቤት ፊት ስትቆም ትንፍሽ አትልም። ታስተምር በነበረ ጊዜ ተማሪዎቿን ወደ ድሮው ቴሌግራፍ ቤት ይዛ ትሄድና፣ ላይ ታች አዙራ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ትመልሳቸው ነበር። ማስታወሻ ሊይዙ እስክሪብቶ የመዘዙት እንደመዘዙ ይመለሳሉ። "ጠበቃ የሚያስፈልገው ቤት፣ ቤት አይደለም። ያየ አየ፤ ያላየ ሌላ ሙያ ይፈልግ" ትላለች።

እንግዲህ ያ ቴሌግራፍ ቤት ተሸጠ።

ወሬውን ያመጣላት ቢሮዋን የሚያስተዳድርላት ታናሽ ወንድሟ ነው።

"እታለም፣ የገዛው ባለወፍጮው ነው፤ የዱቄቱ ሀብታም። ከድልድዩ ማዶም ብረት የተከመረበትን ባዶ መሬት ገዝቷል። በአንዱ ላይ ሆቴል ሊሠራ ነው፤ በየትኛው እንደሆነ ግን ገና አልቆረጠም።"

"ቴሌግራፍ ቤቱ ላይ ከሆነስ?"

"ከሥሩ ያፈርሰዋል፤ ማዶውን ይሸጣል። ማዶ ከሠራ ደግሞ ቴሌግራፍ ቤቱን ሳይነካ የወፍጮው ቢሮ ያደርገዋል። ታዲያ ከመወሰኑ በፊት ከተማውን የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል። 'ቤት የሚያውቅ፣ የማያሞካሽ' ነው ያለኝ። ሳላስበው ስምሽ ከአፌ ወጣ።"

"ሙገሳ የሰለቸው ሀብታም? ከየት ቆፍረህ አወጣኸው?"

"ቀልዱን ተዪና አትርፊው" አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ተገናኙ። ባለወፍጮው ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሳቂታ፣ ጫማው እንደ መስታወት የተወለወለ ሰው ነው።

"እንደምን አደርሽ ኢንጂነር!"

"አርክቴክት ነኝ።"

"ያው አይደል?"

"ሐኪምና መቃብር ቆፋሪ ያው ከሆኑ፣ ያው ነው።"

ሰውዬው እስኪያስለው ሳቀ። ቱምቢ አልሳቀችም፤ ግን ጎዳናው ገና ሲጀመር ምላሷ መሞቁ ደስ አላት።

አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ባለወፍጮው ቆመና እጁን ዘረጋ። ከአናቱ እስከ እግሩ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ነው። "እንዲህ ያለ ነው የማስበው! ሲያብለጨልጭ እዪውማ።"

"ፊቱ ወዴት ነው የዞረው?"

"ወደ አደባባዩ ነዋ።"

"ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሳታንኳኳ ትገባለታለች። አሁን ቀና ይበሉና መስኮቶቹን አንድ በአንድ ይዩልኝ።"

ቀና አለ። ከመስታወቱ በስተጀርባ ካርቶን ተለጥፏል፤ ከካርቶኑ አጠገብ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው ከፍ ብሎ አበባ ያለበት አንሶላ። በየመስኮቱ ሥር የማቀዝቀዣ ሣጥን ተንጠልጥሎ ውኃ ያንጠባጥባል።

"ብርሃን እንገዛለን ብለው መስታወት ገዙ" አለች። "ብርሃኑ ሲፈጃቸው ካርቶን ለጠፉበት። ካርቶኑ ሲያጨልምባቸው በቀን አምፖል አበሩ። ይሄ ሕንፃ አይደለም ጋሼ፤ ሰው የሚጠበስበት መጥበሻ ነው። ከሠሪው ይልቅ የሚገርመኝ ግን ውስጥ ተቀምጦ እያላበው 'ዘመናዊ ቢሮ ነው ያለኝ' የሚለው ነው።"

"ውይ! ቀጥይ፣ ቀጥይ" አለ ባለወፍጮው፣ መሐረቡን አውጥቶ እንባውን እየጠረገ።

ቀጠለች። ከመስታወቱ ቀጥሎ ያለው የመኖሪያ ሕንፃ ከፊት ለፊቱ ስምንት ነጭ ምሰሶ ገትሯል፤ አናታቸው ላይ ቅጠልና ጥቅልል ተለጥፎባቸዋል። ባለወፍጮው "የንጉሥ ቤት ይመስላል" ከማለቱ ቱምቢ ሄዳ አንዱን ምሰሶ በጣቷ አጥንት አንኳኳችው። ዱም አለ፤ ከበሮ።

"ጂፕሰም ነው። ምንም የተሸከመው ነገር የለም። እንዲያውም ሕንፃው ነው እሱን የተሸከመው፤ ሚስቱ ቤት ገብቶ እንደተቀመጠ ሰነፍ አማች። በረንዳውንም ይዩ። ወንበር አይገባበትም፤ ሰውም ቢሆን ሊቆምበት ሲፈልግ ሆዱን ሳሎን ትቶ መውጣት አለበት።"

ባለወፍጮው ሆዱን አየት አደረገና "እኔስ ከነአካቴው አልገባም" አለ።

የገበያ አዳራሹ ደግሞ ከደረጃው ጎን ለአካል ጉዳተኛ ጋሪ የሚሆን መውጫ አለው፤ እንደ ልጆች መንሸራተቻ የቆመ ሆኖ፣ ጫፉ ላይ ትልቅ የአበባ ገንዳ ተጎልቶበታል። "ፈቃድ ለማግኘት ሠሩት፤ ፈቃዱን ሲያገኙ አበባ ተከሉበት" አለች። "ከታች የተገፋ ሰው፣ ላይ ሲደርስ ገንዳውን ስሞ ቁልቁል ይመለሳል።" አሳንሰሩ ተበላሽቶ ነበርና በደረጃው ወጡ። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ ባለወፍጮው በየመሐሉ እየቆመ ጉልበቱን ይዞ ተነፈሰ። ቱምቢ ከላይ ሆና ስትጠብቀው በሆዷ "ተንፍስ፤ እዚያ ስንደርስ ልዩነቱን ጉልበትህ ይነግርሃል" አለች።

እንዲህ ስትራገም፣ እሱም ሲስቅ፣ ከድሮው ቴሌግራፍ ቤት ደረሱ።

ቱምቢ ዝም አለች።

ቤቱ ሁለት ፎቅ ነው፤ ለመንገዱ አይጮህም። ከፊቱ በምሰሶ የቆመ ጣሪያ ያለው ሰፊ መተላለፊያ አለ፤ ዝናብም ፀሐይም ሲመጣ መንገደኛው ሳይጠራ ይገባበታል። ግድግዳው ወፍራም በመሆኑ መስኮቶቹ ጥልቅ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ሥር በውስጥም በውጭም ግንበኛው መቀመጫ ሠርቶ ትቷል። ፀሐይ የመስኮቱን ደፍ ትነካለች እንጂ ጠረጴዛው ላይ አትወጣም። ደረጃው ዝቅ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ እግር ሳይፈልገው የሚያገኘው ነው። መደገፊያው እንጨት በሰው መዳፍ ብዛት ለስልሶ መዳፍ መስሏል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ልስኑ ተልጦ፣ አንዱ ጥግ በእርጥበት ጠቁሮ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ርግብ መግባቱም እውነት ነው።

ባለወፍጮው በስልክ ስለ ስንዴ እያወራ ደረጃውን ወጣ። አልቆመም፣ አልተነፈሰም፤ ወሬውንም አላቋረጠም። ቱምቢ ከኋላው ሆና አየች፤ ልቧ በድል ሞላ። ላይ ሲደርስ ስልኩን ዘጋና ዞር ዞር ብሎ አየ። አንዱ መስኮት ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ለጥቂት ጊዜ መንገዱን ቁልቁል ተመለከተ። ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ።

"እህ?" አላት።

ቱምቢ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች።

"ምንም አትዪም?"

ትከሻዋን ሰበቀች። ምን ልትለው ነው? ጉልበቱ ነግሮታል፣ ጀርባው ነግሮታል። ለዱቄት ነጋዴ ደግሞ እንደ ሕፃን እያላመጠች ልታጎርሰው ነው? ካላየ አላየም።

"በቃ፣ ገባኝ" አለ ባለወፍጮው፣ ሱሪውን እያራገፈ ተነሳ።

ገባው! አለች ቱምቢ። በዚህ ከተማ ማየት የሚችል ሰው ቢፈለግ ሊገኝ የቻለው ወፍጮ ቤት ነው፤ ጉድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውዬውን ወደደችው።

ከመንገዱ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ገቡ። ቱምቢ እጇን ታጥባ ስትመለስ ባለወፍጮው ስልኩን ኪሱ እየከተተ ነበር።

"ተገላገልኩ" አላት። "የማዶውን መሬት ሸጥኩት።"

"የቱን?"

"ብረት ያለበትን። ገዢው ደጅ ሲጠና ነው የከረመው፤ አሁን ደውዬ ቃል ሰጠሁት። ሆቴሉ እዚህ ይሆናል፤ ጥጉ ደግሞ ከዚያኛው የተሻለ ነው። እግዜር ይስጥሽ፣ ልቤ ሁለት ሆኖ ነበር።"

ቱምቢ ብርጭቆውን አነሳች፤ ሳትጠጣ መልሳ አስቀመጠችው።

"ገባኝ ብለውኝ አልነበር?"

"ገባኝ እንጂ! ጠዋት ሁሉ ስትናገሪ ሰማሁሽ። ያ መጥበሻ፣ ያ ከበሮ፤ ለእያንዳንዱ ስም አለሽ። እዚህኛው ጋ ስንደርስ ስድብ እንኳ ነፈግሽው።" ወደ እሷ ጠጋ አለ። "እውነቱን ልንገርሽ? ስገባ ቀለል ብሎኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እዚያ መስኮት ሥር ስቀመጥማ፣ 'ምነው ይሄን ባልነካው' አልኩ በልቤ። ከዚያ ዞሬ አየሁሽ፤ አንቺ እንደ ሬሳ ሣጥን ተዘግተሻል። 'አይ የኔ ነገር!' አልኩ። 'የነጋዴ ዓይን፤ የሚያውቀው ሰው ከቁጥር ያላስገባውን አሮጌ ቤት ትወዳለህ?'"

"ጋሼ…" አለች ቱምቢ።

ቃል ፈለገች። ስድብ ቢሆን ተሰልፎ ይጠብቃት ነበር፤ ለዚህኛው የሚሆን ግን አፏ ውስጥ የተቀመጠ አልነበረም።

"ያ ቤት… ፀሐይ አያቃጥለውም።"

"እሺ።"

"ደረጃው ሰው አይጥልም። ሰው አያስለፋም። እርስዎ ራስዎ ሳይቆሙ ነው የወጡት። ገበያ አዳራሹ ላይ ስንት ጊዜ ቆሙ?"

"ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ስለ ገንዘብ ሳወራ ተራራም እወጣለሁ።"

"ግድግዳው አይዋሽም። ምሰሶው ባዶ አይደለም። መስኮቱ…"

"ኢንጂነር" አላት ባለወፍጮው፣ በለሆሳስ። "ይሄ ሁሉ የሌለበትን ጉድለት መቁጠር ነው። የማይጥል፣ የማያቃጥል፣ የማይዋሽ። ሙሽራ ልታጪልኝ መጥተሽ 'አትናከስም፣ አትሰርቅም' እንደማለት።"

"ጥሩ ነው!" አለች ድንገት፣ ድምጿ ከፍ ብሎ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ዞሩ። "ጥሩ ቤት ነው። በዚህ ከተማ ካሉት ሁሉ አንደኛ ነው። ሳየው የኖርኩት እሱን ነው።"

ቃሉ ለራሷም እንግዳ ሆነባት፤ የሰው ኮት የለበሰች መሰላት። ባለወፍጮው አላሾፈም፤ ቢያሾፍ ይሻላት ነበር። አንገቱን ነቀነቀ።

"የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው አሉ። ፊቱ ቆመሽ ሳለሽ ይሄን ብትዪኝ አምንሽ ነበር። ይፈርሳል ካልኩሽ በኋላ ግን ለእሱ ነው የምትናገሪው ለሐዘንሽ? በምን አውቃለሁ? እኔ ያመንኩሽ ስለማታሞካሺ ነው። አሁን ካሞካሸሽ የጠዋቱንም ልጠራጠርሽ ነው።"

"መሬቱን አልሸጥም ይበሉት።"

"ቃል ሰጠሁ አልኩሽ። ዱቄት ነጋዴ ነኝ፤ ከቃሌ ሌላ ምን አለኝ?" ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "ሆቴሉን ግን አንቺ ሥሪልኝ። ስህተቱን ሁሉ የምታውቂ አንቺ ነሽ።"

"አልሠራም።"

"ያ አደባባይ ላይ ያለውን የሠራው ሰውዬ ይሠራዋል እንግዲህ።"

"ይሥራው። ተስማምታችኋል፤ ተገናኝታችሁ ተጠበሱ።"

ባለወፍጮው ሳቀ፤ እንደ ጠዋቱ አይደለም። "አይ፣ ስድብ ግን ይመጣልሻል" አላትና ተነስቶ ወጣ።

ቱምቢ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላ፣ መንገዱ እንደ ምድጃ ግሏል። ቴሌግራፍ ቤቱ መተላለፊያ ሥር ሰው ሞልቷል፤ አውቶቡስ ጠባቂ፣ ፌስታል የያዘ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የሚያንቀላፋ። አንድም ቀና ብሎ ያየ የለም። ጥላው ከሰማይ የወረደ እንጂ ሰው አስቦ፣ ለክቶ የሠራላቸው አልመሰላቸውም። ደነዞች! አለች በሆዷ። ከብት እንኳ በሚያስጠልለው ዛፍ ላይ ጀርባውን ያካል።

ከነዚህ መሐል አንዲት ወፈር ያለች ሴት መስኮቱ ሥር ካለው መቀመጫ ላይ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻሻለች። ቱምቢ አጠገቧ ሄዳ ቆመች።

"ይህ ቤት ሊፈርስ ነው" አለቻት።

ሴትዮዋ ቀና ብላ የተላጠውን ልስን፣ ርግቦቹን አየች። "ይፍረስ እንጂ፤ አርጅቶ የለ?"

"አላረጀም" አለች ቱምቢ። ጉሮሮዋን ጠረገች። "አሁን የተቀመጥሽበት… ምን ያህል እንደሚመችሽ ልብ ብለሻል? ይሄ ከፍታ፣ ለጉልበትሽ ታስቦ ነው። ነፋሱም… ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ላሳይሽ፤ ወዲህ ዙሪማ…"

አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። መተላለፊያው ሥር የነበረው ሁሉ ባንዴ ተነቃነቀ። ሴትዮዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተነሳች።

"ሌላ ጊዜ እህቴ፣ ሌላ ጊዜ ትነግሪኛለሽ" አለችና ወደ ፀሐዩ ሮጠች።