ስም ያልወጣለት ካሬ

በኬንታኪ ተራሮች መሃል፣ እኛ በምንኖርበት ሸለቆ፣ እራፊ ጨርቅ የሚጥል ሰው የለም። ያለቀ ሸሚዝ፣ ለልጅ የጠበበ ቀሚስ፣ አበባ የታተመበት የዱቄት ጆንያ፣ ሁሉም ከረጢት ውስጥ ይከማችና ብርዱ ሲገባ በካሬ በካሬ ይሰፋና ካሬዎቹ ተቀጣጥለው ብርድ ልብስ ይሆናሉ። ቨርሊ ኮምስም እንደ ማንኛችንም ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ብቻ እሷ ከተዳረች ጀምሮ የምትሰፋው አንድ ዓይነት ነበር፤ አማቷ ያስተማረቻትን፣ ባለ ዘጠኝ ቁራጭ የሚባለውን። ለልጆቿም እሱን፣ ለሠርግ ስጦታም እሱን፣ ለሐዘን ቤትም እሱን።

የመጨረሻዋ ልጇ አግብታ ዲትሮይት በሄደችበት ዓመት ቤቱ ጭር አለና አዲስ ሐሳብ መጣላት። እያንዳንዱ ካሬ ከሌላው የተለየ ብርድ ልብስ ልትሠራ። አንዱ ኮከብ፣ አንዱ ቅርጫት፣ አንዱ የድብ መዳፍ፣ አንዱ የሚበር ዝይ። የማታውቀውን ከየቤቱ እየዞረች ትጠይቅ ጀመር። በሸለቆው በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ዜልፋ የድብ መዳፉን ቅርጽ በካርቶን ቆርጠው ሰጧት። ስትወጣ ግን ለጎረቤታቸው፣ «ዕድሜዋን ሙሉ ባቄላ ብቻ ስትቀቅል ኖራ፣ ዛሬ ድግስ አማራት» ማለታቸው አልቀረም።

ቨርሊ ከረጢቶቿን ሁሉ አልጋው ላይ ዘረገፈች። ደማቁን ከደብዛዛው፣ ባለ መስመሩን ከባለ አበባው ለየች። ወለሉ ላይ ትደረድርና ራቅ ብላ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታያለች። ቀዩ ከቀዩ አጠገብ ሲውል ይጣላል፤ ታነሳዋለች። ቢጫው ብቻውን ሲቀር ይጮኻል፤ ሌላ ቢጫ ማዶ ታስቀምጥለታለች። ባሏ ሄርሼል ጫማውን በር ላይ አውልቆ በጨርቆቹ መሃል እንደ ድመት እየተራመደ ያልፍ ነበር።

የሟች አማቷ አሮጌ ከረጢት የመጨረሻው ነበር። ከሥሩ ተጣጥፎ የተቀመጠ አንድ ያለቀለት ካሬ ወጣ። ከሰማያዊ የሥራ ሸሚዝና ከፍራሽ ልብስ የተሠራ ነው። ዙሪያውን ረጃጅም ቁራጮች አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈው ቆመዋል፤ መሃል ላይ ትንሽ ቀይ ቁራጭ ጠመም ብላ ተቀምጣለች። ቨርሊ እንዲህ ያለ ነገር በማንም ቤት አላየችም። ገልብጣ ስፌቱን አየች። ደቃቅ ነው፣ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። አማቷ ደግሞ ስትሰፋ ቸኳይ ነበረች፤ ስፌቷ ረጃጅም እንደነበር ቨርሊ ታውቃለች። ታዲያ ይሄ የማን እጅ ነው?

መጀመሪያ ልትቀዳው ሞከረች። እያንዳንዱን ቁራጭ ለክታ በካርቶን አወጣች፣ ጨርቅ ቆረጠች፣ እንደተማረችው ከመሃል ጀምራ ወደ ዳር ሰፋች። የመጨረሻው ቁራጭ አልገጥም አለ። ፈታች፣ ተኮሰች፣ እንደገና ሰፋች። አሁንም መሃሉ እንደ ቆብ ጎብጦ ተነሣ። የድሮውን ፈትታ ልታየው ደግሞ አልጨከነችም።

ሄርሼል ከሥራ ሲመለስ አሳየችው። ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገው፣ እንደ እሷም ገልብጦ አየው። ከዚያ አላውቀውም አለና እንጨት ልፍለጥ ብሎ ወጣ። እንጨቱ ግን ትናንት ተፈልጦ ተከምሯል። ቨርሊ በመስኮት እያየችው፣ ሰው የማያውቀውን ነገር እንደዚያ አይዳስስም አለች በልቧ።

ነገሩ እንቅልፍ ባይነሳትም ሐሳቧን ያዘው። ካሬውን በመሐረብ ጠቅልላ ቤት ለቤት ዞረች። የሰባኪያችን ሚስት ከመጽሔት የተቀዳ ነው አለች፤ የትኛው መጽሔት እንደሆነ ግን አታውቅም። እማማ ዜልፋ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ከሩቅ አይተው «የሰካራም አጥር» ብለው ስም አወጡለትና ሁላችንም ሳቅን። እንዴት እንደሚሰፋ ግን ያወቀ አልተገኘም።

የቀረችው ኦቲ ነበረች፣ ከጋራው ማዶ የምትኖረው የሄርሼል ታላቅ እህት። ምላሷ ምላጭ ነው፤ ቨርሊ ያለ ምክንያት ደጇን አትረግጥም። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን የፖም ማርማላታ በጠርሙስ ይዛ ጋራውን ተሻገረች። ኦቲ ማርማላታውን ተቀብላ ስኳር እንደበዛበት ተናገረች። ካሬውን ስታይ ግን ጠርሙሱን አስቀምጣ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ከየት አገኘሽው?» አለች።

«ከእናታችሁ ከረጢት ሥር። ሄርሼልን ብጠይቀው አላውቅም አለኝ፣ እትዬ።»

«እሱማ ምሏላ። ሞኝ ነው፣ የሞተ ሰው መሐላ ይጠብቃል።» ካሬውን ጉልበቷ ላይ አነጠፈችው። «አባታችን ነው የሰፋው።»

ቨርሊ የምትቀልድባት መስሏት ፈገግ አለች። የባሏን አባት ኢኖክን በፎቶግራፍ ብቻ ነው የምታውቀው፤ ትከሻው በር የሚያክል፣ ፊቱ ላይ ሳቅ የሌለበት የከሰል ጉድጓድ ሠራተኛ። ኦቲ ግን አልሳቀችም። እንዲህ ስትል አወራቻት።

የጉድጓዱ ጣሪያ ተደርምሶ ዳሌውን የሰበረው ኦቲ ልጃገረድ ሳለች ነው። ቅጠል ሲረግፍ ተኛ፣ ዛፍ ሲያብብም አልተነሣም። ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ነበርና ከአልጋው ጋር፣ ከግድግዳው ጋር፣ ከሚስቱ ጋር ይጣላ ጀመር። አንድ ቀን እናቷ መረራትና የእራፊ ከረጢቱን ከነመርፌው ደረቱ ላይ ጣለችበት። ወይ ስፋ ወይ ዝም በል አለችው። እሱም ሁለቱንም አደረገ። መጀመሪያ በእልህ ነበር። በኋላ ግን የሚስቱን ካሬዎች እየገለባበጠ መጠየቅ አመጣ። ስፌቱ ለምን ወደዚህ ይታጠፋል? ለምን ከመሃል ይጀመራል? ማን ነው እንዲህ ይሁን ያለው? ደጅ የእግር ኮቴ ሲሰማ ሥራውን ብርድ ልብስ ሥር ይደብቃል። ልጆቹንም ለማንም እንዳይናገሩ አስማላቸው። ጓደኞቹ ቢሰሙ ጉድጓድ ውስጥ መሳለቂያ ሆኖ መቅረቱ ነው።

«የእናታችን ዘጠኝ ቁራጭ ሰለቸው» አለች ኦቲ። «የራሴን ካላወጣሁ አለ። ይኸው ነው።»

«እንዴት ነው ታዲያ የሚሰፋው? መሃሉን ስጀምር ዳሩ አልገጥም ይለኛል።»

«መሃሉን ጀምሪ ማን አለሽ? የአባቴ ሥራ እኮ ጉድጓድ ውስጥ የጣሪያ ድጋፍ ማቆም ነበር። ‹መጀመሪያ ግንዱን አቁም፣ ከዚያ ከሥሩ ግባ› ይል ነበር። መርፌም ይዞ ሐሳቡ ያው ነው። ከዳር ነው የምትጀምሪው። መሃሉን ክፍት ትተይዋለሽ፣ ቀይዋ መጨረሻ ትገባለች።»

ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። የኦቲ ዓይን ደክሟል፤ ስለዚህ እጁ የቨርሊ፣ አፉ የኦቲ ሆነ። ረጃጅሞቹን እርስ በርስ እያደገፈች ሰፋቻቸው፤ መሃላቸው ላይ ቀዳዳ ቀረ። ቀዩን ቁራጭ አስገብታ አንዱን ጎን ሰፋች፣ ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ መርፌዋን አቁማ ጨርቁን አዞረች፣ ቀጣዩን ጎን ያዘች። ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችው። ለጥ ብሎ ተኛ። ቨርሊ መዳፏን አስቀመጠችበት። እስከዚያ ድረስ ማወቅ የፈለገችው የጨርቁን ነገር ነበር፤ አሁን ሰውየውን ማወቅ ፈለገች። ድኖ ከተነሣ በኋላስ ሰፍቶ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች።

«መርፌ ሲይዝ አላየሁትም» አለች ኦቲ። «ግን እናታችን ስትሰፋ ከጎኗ ቁጭ ይልና፣ እዚያ ጋ ጎብጦብሻል ይላት ነበር። እሷም፣ አንተን ማን ጠየቀህ ትለዋለች።»

ቨርሊ ቤቷ ስትደርስ ሄርሼል ባቄላና የበቆሎ ዳቦ እየበላ ነበር። ሁለቱን ካሬዎች ጎን ለጎን ፊቱ ስታስቀምጥ ማንኪያውን አኖረ።

«ነገረችሽ?»

«ነገረችኝ።»

«ምዬ ነበር፣ ቨርሊ።»

«አውቃለሁ። አንተ መች ተናገርክ? እሷ ናት እንጂ።»

አዲሱን አንሥቶ ገለበጠው። «ያንቺ ስፌት ከሱ ይረዝማል» አለ። ቨርሊ አልተቀየመችም። ይልቅ አባቱ ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር ጠየቀችው። ስም አላወጣለትም አላት፤ ስም ያለው ነገር ጠያቂ አያጣም ብሎ ይፈራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የቦታ ሆነ። ቨርሊ የኢኖክን ካሬ መሃል አስቀመጠችው። ሄርሼል አየና፣ አባቴ እንደዚህ ሰው ዓይን ውስጥ መግባት አይወድም ነበር አለ። ጥግ ሲሆን ደግሞ እሷን ከፋት። በመጨረሻ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በኮከቡና በዝይዎቹ መካከል ሰፋችው፤ እዚያ ሰላም አገኘ።

ጸደይ ሲመጣ ጥጡና ገበሩ ከሥር ተነጥፈው ብርድ ልብሱ በእንጨት ማዕቀፍ ተወጠረ፤ ሴቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ልንሰፋው ዙሪያውን ተቀመጥን። እማማ ዜልፋ የደረሳቸው ቦታ ከዚያ ካሬ ፊት ለፊት ነበር። ጣታቸውን አሳረፉበትና፣ የዚህ የሰካራም አጥር ባለቤት ተገኘ ወይ ብለው ጠየቁ። ቨርሊ አቀረቀረች፤ መልሱ የእሷ አልነበረም። ሄርሼል ውሃ ሊጠጣ ገብቶ ባልዲው አጠገብ ቆሞ ነበር።

«አባቴ ነው» አለ። «ዳሌው የተሰበረ ጊዜ። አልጋ ላይ ሆኖ ነው የሰፋው።»

መርፌዎቹ ሁሉ ቆሙ። እማማ ዜልፋ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፣ ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት። የእሳቸውም ባል በዚያው ጉድጓድ ተሰብሮ አልጋ ላይ ከርሞ እንደሞተ ሁላችንም እናውቃለን።

«የኔው ጣሪያ ሲያይ ነው የሞተው» አሉ ቀስ ብለው። «መርፌ ልስጠው ብዬ መች አሰብኩ?»

ቀና አሉና ሄርሼልን በእጃቸው ጠሩት።

«ና፣ ወንበር ሳብና ቁጭ በል። ሲሰፋ ምን ይል ነበር ኢኖክ?»

ሄርሼል ከዚያ በፊት ሴቶች ከተቀመጡበት ማዕቀፍ አጠገብ ቁጭ ብሎ አያውቅም። ሚስቱን አያት፣ ወንበር ሳበ፣ ቁጭ አለ።

«ይሳደብ ነበር፣ እማማ» አለ። «ክሩ በተቋጠረ ቁጥር።»