የተስፋነህ ቀልድ

ደብረ ታቦር ውስጥ ባለ አንድ ዳቦ ቤት ሊጥ እየመዘንሁ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት ሪያድ ሰው ቤት ነበርሁ። እዚያ ሳለሁ በማልሰማው ቋንቋ ሲስቁብኝ አብሬ መሳቅ ለመድሁ። አመሉ አብሮኝ አገር ገባ።

የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ ይርዳው ነበሩ። ቀልደኛ ናቸው፤ ግን የሚቀልዱት በራሳቸው ላይ ነው። አንድ ጠዋት ጨው የጨመሩ መስሏቸው ስኳር ጨምረው ያን ሁሉ ዳቦ ሲያበላሹት፣ በር ላይ ቆመው ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ዛሬ ልደቴ ነው፣ ኬክ ነው የምንሸጠው» እያሉ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ከእኛ አንዱ ሲያጠፋ ሄዶ «ጋሽ ይርዳው፣ ዛሬ እኔም ልደቴ ነው» ይላቸዋል። እሳቸውም ስቀው «ምኑን አበላሸኸው?» ይላሉ። ከሳቸው የሚደበቅ ጥፋት አልነበረም።

ዓይናቸውን ሲያማቸው ሥራውን ተዉት። ባሕር ዳር የሚኖሩት የቤቱ ባለቤት እትዬ ብዙነሽ የእህታቸውን ልጅ ተስፋነህን በጋሽ ይርዳው ቦታ ላኩልን።

ተስፋነህም ሳቅ ይወዳል። የሱ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ሥራ ሳንጀምር ያሰልፈንና አንዳችንን ይመርጣል። አንድ ቀን ሚሚን በጥርሷ፣ አንድ ቀን እሸቴን በጫማው፣ አንድ ቀን እኔን «የሪያዷ እመቤት» እያለ። ያልሳቀ ሰው የነገው ተረኛ እሱ ነው። ስለዚህ እንስቃለን። ከሁላችንም ግን ቀልዱ የበዛው ንብረት በሚባለው ልጅ ላይ ነበር።

ንብረት ከጉና ተራራ ሥር የመጣ ነው። የሊጥ ማቡኪያ ማሽኑ የሱ ሥራ ነበር፤ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ሕመሙን ያውቃል። ሲናገር ይንተባተባል። ጋሽ ይርዳው እስኪጨርስ ይጠብቁት ስለነበር ሁልጊዜም ይጨርስ ነበር።

በሐምሌ አንድ ሰኞ ጠዋት ንብረት ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ተስፋነህ ቀረበ።

«አቶ ተስፋነህ፣ ማ... ማ... ማ...»

ተስፋነህ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «እማማ? እናትህን ነው የምትጠራው? ጮክ በል እንጂ፣ ጉና ድረስ እንዴት ይሰማል!» ከዚያም «ማ... ማ...» እያለ እንደ በግ ጮኸበት።

ሳቅን። እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ንብረት ከንፈሩን ነክሶ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ሁለተኛ ለመናገር አልሞከረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑን ሊያቆም በፈለገ ቁጥር ግድግዳው ጋ ሄዶ ሶኬቱን ሲነቅል አየው ነበር። ለምን ብዬ ግን አልጠየቅሁትም።

ሐሙስ ዕለት ዱቄት የጫነ አይሱዙ መጣና ንብረት እንዲያራግፍ ተላከ። ዝናቡ ሲበረታ መብራት ጠፋ። ሊጡ ገና በግማሽ እንደታሸ ማሽኑ ቆመ።

«ማስተዋል፣ ሊጡን ሳይኮመጥጥ አውጪው!» አለኝ ተስፋነህ ከቢሮው በር ላይ።

ቀዩን ማጥፊያ ተጫንሁ። ክዳኑን አንስቼ ሁለቱንም እጆቼን እስከ ክርኔ ከተትሁ። ያኔ ንብረት ጆንያ ተሸክሞ ገባ። አየኝ። አፉ ተከፈተ።

«ማ...»

ሌላ አልወጣውም። ጆንያውን ጥሎ እየሮጠ መጥቶ በትከሻው ገፈተረኝ፤ ሲሚንቶው ወለል ላይ ወደቅሁ። እሱ ሚዛኑን ስቶ እንዳይወድቅ እጁን ማሽኑ ውስጥ ከትቶ ተደገፈ። በዚያች ቅጽበት መብራት መጣ። አጠፋሁት ያልሁት ማሽንም ማንም ሳይነካው ተነሳ።

ጩኸቱን አልናገረውም። እሸቴ ሶኬቱን እስኪነቅል ድረስ ያለፈው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ሐኪሞቹ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ማትረፍ አልቻሉም።

እኔ ያን ዕለት ደም የነካው ሊጥ ፊት ተቀምጬ ነው የገባኝ። «ማ» ማጥፊያው ነበር። ማጥፊያው አይሠራም ሊለን ነበር። አንድ ቃል እስኪጨርስ መጠበቅ አቃተን።

ቅዳሜ ጠዋት ተስፋነህ እንደወትሮው አሰለፈን። «መቼም ንብረት ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «ከእንግዲህ ግን ከስምንት በላይ ቁጠር እንዳትሉት።» ፈገግ ብሎ ዞር ዞር እያለ አየን። ሁለት ሰዎች ከልማድ ሳቁ።

«አልገባኝም» አልሁ።

«ምኑ?»

«ቀልዱ። አስረዱኝ። የቱ ላይ ነው የሚሳቀው?»

«አንቺ ደግሞ! ቀልድ አታውቂም እንዴ?»

«አውቃለሁ። ሰኞ ስስቅ አላዩኝም?» በጣቴ ወደ ማሽኑ አመለከትሁ። «ማጥፊያው ተበላሽቷል ሊልዎት መጣ። እርስዎ እንደ በግ ጮኹበት፣ እኛ ሳቅንልዎት። እስቲ አሁን ይድገሙት! እንደ በግ ይጩኹና እንሳቅ!»

የተስፋነህ ፊት ቀላ። «ውጪ!» አለኝ። «ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ!»

ሽርጤን ከፊቱ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወርውሬ ወጣሁና ቀጥታ መነኸሪያ ሄጄ የባሕር ዳር ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሐሙሲት ከተማ ሰው እስኪሞላ ብሎ ሲያቆመን እንኳ ንዴቴ አልበረደም። የእትዬ ብዙነሽን በር ስመታ እጄ አመመኝ።

ሁሉንም ነገርኋቸው። «ተስፋነህ ተጫዋች ነው፣ ክፋት የለበትም» አሉኝ። «ሠራተኛው እንዳይደብረው ብሎ ነው።»

«እትዬ፣ ሠራተኛው አልደበረውም። ፈርቷል። የሚስቀው ፈርቶ ነው። የፈራ ሰው ደግሞ ማሽን ተበላሸ ብሎ አይናገርም።»

ቃል ሳይገቡልኝ ሸኙኝ።

ሰኞ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሲመጡ ግን ከበር ውጭ ቆሜ አገኙኝና «ግቢ» አሉኝ። ማንንም ሳያናግሩ ማሽኑን አስነስተው ቀዩን ማጥፊያ ተጫኑት። ማሽኑ መዞሩን አላቆመም። ደግመው ተጫኑት። ዞረ።

«ይኼን ማን ያውቅ ነበር?»

«ንብረት» አለ እሸቴ።

«ታዲያ ለምን አልተናገረም?»

ተስፋነህ ጫማውን ያያል። ያን ዕለት የዳቦ ቤቱን ቁልፍ ከተስፋነህ ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝ፤ ሥራ አስኪያጅ ሆንሁ።

ከሥራ ስወጣ ንብረት ወደሚኖርበት ወደ እህቱ ቤት ሄድሁ። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ አርፏል።

«ስቄብሃለሁ» አልሁት። ሌላ የማወራው አልነበረኝም።

«አ... አውቃለሁ» አለ። እስኪጨርስ ጠበቅሁት። «ከሁ... ከሁሉም ይበልጥ የሰ... የሰማሁት ያ... ያንቺን ነው።»

ወደ ሥራ እንዲመለስ ለመንሁት። በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ፋሻው ሲፈታለት ወደ ጉና፣ ወደ አባቱ መሬት ሄደ። አልፈርድበትም።

ከዚያ በኋላ ለወራት አልሳቅሁም። ማንም በማንም እንዳይስቅ ከልክዬ፣ ፊቴን ቋጥሬ እውላለሁ። ዳቦ ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታው ሰላም መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከመጋዘን ስመለስ ሚሚ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እኔን ሆና ቆማለች። «ይኼ ሊጥ ማን ፈቅዶለት ነው ኩፍ ያለው?» እያለች ትቆጣለች። ሁሉም ይንከተከታል። ሲያዩኝ ደረቁ። ሚሚ ፊቷ አመድ መሰለ።

ደሜ ፈላ። ልጮህባት አፌን ከፈትሁ። ነገር ግን በሊጡ ላይ ስቆጣ ራሴን አየሁትና ሳቄ አመለጠኝ።

«እውነትም እኔ አልፈቀድሁለትም» አልሁ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሲበርድ ሚሚ ጠጋ አለችኝ። «ማስተዋል፣ የምድጃው ጭስ ማውጫ ተሰንጥቋል። ራሳችንን እያመመን ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ሳምንት።»

«ሁለት ሳምንት! ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ፊትሽን እያየን...» አለችና ተወችው።

ንዴቴ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን የተናደድሁት በራሴ ነበር። እሸቴን ምድጃውን አጥፋ አልሁትና መሰላል ፍለጋ ወጣሁ።