አሞሌ ለኮራሏ

ዓይናዲስ ከሆቴሉ የባሕር ውኃ ገንዳ ጠብታ ያሳረፈችበትን የጨው መለኪያዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንታ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። መስመሩ ዛሬም ከትናንቱ ከፍ ብሏል። መለኪያው አሳስቶኝ እንደሆነ ብላ ጠርጋ ደገመችው፤ ያው ነው። ምን ጉድ ነው! ውኃ ሲተን ጨው እንደሚቀር አታጣውም፤ የተነነውንም በየቀኑ በተጣራ ውኃ ስትተካ ሰንብታለች። ታዲያ ይህ ሁሉ ጨው ከየት ይመጣል?

ኮራሏ፣ ድንጋይ መሳይዋ የባሕር እንስሳ፣ በመስታወቱ ገንዳ ውስጥ ድንጋይዋ ላይ ተኮማትራ ተቀምጣለች። ከጅቡቲ የመጣች ሰሞን ወርቅማ ቡኒ ነበረች፤ ጣት መሳይ ክሮቿ በውኃው ሲወዛወዙ የሆቴሉ ሠራተኛ ሥራውን ትቶ ይገተርባት ነበር። አሁን እንደ ዳለቻ ላም ገርጥታለች። ሥጋዋ ሸሽቶ የድንጋዩ ጠርዝ እንደ አጥንት አግጥጧል።

ገንዳውን ያስመጡት የሆቴሉ ባለቤት አያ ሰጠኝ ናቸው፤ ሳንጃ ላይ ሰሊጥ ሲነግዱ ኖረው አራዳ ላይ ይህን ፎቅ ያቆሙ ሰው። ሥራ አስኪያጁ የወንድማቸው ልጅ አላምረው ነው። እሱ ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል፤ እስከ ዛሬ ማታ ካላገገመች ኮራሏ ትጣልና የፕላስቲክ ትተካለች። «ያን ጊዜ አንቺስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ብሏታል፣ ፈገግ ብሎ።

ሥራ ማጣቱ ብቻ ቢሆን በቻለችው። «ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ፍጥረት ተማረች» እያሉ ዘመዶቿ በየድግሱ ስቀውባታል። ባሕርን በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ያላት ባሕር ይህ ገንዳ ነው። ይህችን አንዲት ፍጥረት ማዳን ካቃታት የተማረችው ሁሉ ወረቀት ኖሯል ማለት ነው።

ባልዲዋን አንሥታ የተጣራ ውኃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ወጣች። ሆቴሉ ገና አልነቃም። ስትመለስ የገንዳው ክዳን ተከፍቶ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎበት አገኘች።

«አያ ሰጠኝ! ምን እያደረጉ ነው?»

ሽማግሌው ደንገጥ አሉ እንጂ አላፈሩም። በመዳፋቸው ነጭ ነገር ይዘዋል። «ምነው ጮህሽብኝ? ቁርሷን እየሰጠኋት ነው።»

«ይኼ ጨው አይደለም እንዴ?»

«አሞሌ ነው፣ ሸጋ አሞሌ! ድንጋይ ሳትሆን እንስሳ ናት ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? የከሳ ከብት አሞሌ ሲልስ ይነሣል። እኔ ስንቱን በሬ አንሥቻለሁ! የባሕር ናት፣ ጨው አይጎዳትም ብዬ ጧት ጧት ጣል አደርግላታለሁ።»

የዓይናዲስ ደሟ ፈላ። ራሷን ስትወቅስ፣ መለኪያዋን ስትጠራጠር፣ እንቅልፍ አጥታ ስትገላበጥ የከረመችው ለካ ለዚህ ነው! ልትጮህባቸው ስትል እጃቸውን አየች። አሞሌው እንደ ዱቄት ልሟል።

«እንዳያንቃት አድቅቄው ነው» አሉ።

ቁጣዋ ማረፊያ አጣ። ባልዲውን መሬት አስቀምጣ፣ ጨው ሲበዛ ኮራሏ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ውጭ እየተሳበ እንደሚያደርቃት በቀስታ ነገረቻቸው። አያ ሰጠኝ አላቋረጧትም። ስትጨርስ የቀረውን አሞሌ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«ገደልኋት እንዴ?»

«እንጃ፣ አያ። ጨዋማውን እየቀዳን ጨው የሌለውን የተጣራ ውኃ እንተካለን። ግን በአንዴ አይሆንም፤ የተራበ ሰው በአንዴ ቢያጠግቡት እንደሚጎዳው ነው። ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት።»

«እስከ ማታ ትድናለች?»

«ለማታ አትደርስም።»

ሽማግሌው በርጩማ ሳቡና «ጆጉን ስጭኝ» አሉ።

የሆቴሉ ሠራተኞች እየገቡ ያዩትን ማመን አቃታቸው። ባለ ፎቁ ሰውዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ውኃ ይቀዳሉ፤ ዓይናዲስ «አሁን እንረፍ» ስትል ያርፋሉ፤ «አሁን» ስትል ደግሞ በቀስታ ያፈሳሉ። አንዷ አስተናጋጅ «አያ፣ ጥምቀት ደረሰ እንዴ?» ብትል «ሂጂ ወደ ሥራሽ!» ብለው አባረሯት። ምሳ ቢቀርብላቸውም ከገንዳው አልተነሡም።

ከሰዓት በኋላ አላምረው ካርቶን ታቅፎ ገባ። ከካርቶኑ አፍ ቀይና ሐምራዊ የፕላስቲክ ቅርንጫፍ ብቅ ብሏል።

«ቀጠሯችን ዛሬ አልነበር?» አላት፣ አስተናጋጆቹ እየሰሙ። «የተማረ ሰው አገኘን ብለን በማያውቅ እጅ አስገደልናት። ነገ ትልልቅ እንግዶች አሉብን፣ ሬሳ ልናሳያቸው ነው?»

ዓይናዲስ ወደ ሽማግሌው አየች። ጆጉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ያያሉ። እኝህ ሰው በገበያም በሽምግልናም ቃላቸው ታጥፎ አያውቅም፤ አጠፋሁ ሲሉ የሰማ የለም። እሷ ብትናገር ማን ያምናታል? መለኪያዋን አንሥታ መጥረግ ጀመረች። ነገሩ መረራት።

«አላምረው» አሉ አያ ሰጠኝ፣ «ካርቶኑን ከመጣበት መልሰው።»

«ምነው አያ? ነገ እኮ—»

«መልሰው አልሁህ! ጨው ስጨምርባት የነበርሁ እኔ ነኝ። ልጅቱ ስታድን እኔ ስገድል ከረምሁ።» ዘወር ብለው አስተናጋጆቹን አዩ። «ሳቁ እንጂ! የሚሳቅ ነገር ነው።»

ማንም አልሳቀም። አላምረው ካርቶኑን ታቅፎ እንደቆመ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ዓይናዲስን ሊያያት አልቻለም። አያ ሰጠኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አመሻሽ ላይ መስመሩ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ነበር። ዓይናዲስ ተስፋ አድርጋ ሳይሆን ለመሞከር ያህል፣ ጥፍር የምታህል የባሕር ዓሣ ቁራጭ በረጅም ወረንጦ ይዛ የኮራሏ አፍ ላይ አኖረች። የውኃው ግፊት ጠርጎ ወሰደው። ሁለተኛ ቁራጭ አኖረች። እሱም ሊንሸራተት ሲል ከገረጣው ሥጋ ውስጥ ክር የመሰለች ጣት ወጣች። ከዚያ ሌላ። ቁራጩን ያዙት፤ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ሳቡት።

አያ ሰጠኝ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ነበር። «በላች!» ብለው ጮኹ፤ ጥግ ላይ ራት የሚበሉ እንግዶች ሹካቸውን እንደያዙ ዞሩ። «በላች እኮ! አየሻት?»

ገና ነው፣ መብላት መዳን አይደለም፣ ነገም ከነገ ወዲያም ልትሞትብን ትችላለች ልትላቸው አፏን ከፈተች። እጃቸው ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ውሎ ተጨማድዷል።

«አዎ አያ፣ በላች» አለች፤ ድምፅዋ ሲሰበር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።