ቫልቮላው ያላወቀው ሽቦ

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ የአዛለች ላም ወደ ምንጩ በሚወስደው መንገድ ላይ ሞተች። አዛለች ከእንሰቱ መሃል ሆና አየቻት፤ የፊት እግሯ መሬቱን ሲረግጥ ተንቀጠቀጠችና ዘፍ አለች። ሁለት ክንድ እልፍ ብሎ፣ ጣሊያኖቹ ከወልቂጤ ሰፈራቸው ወደ ባዶው መጋዘን የዘረጉት የመብራት ሽቦ ተበጥሶ ሣሩ ውስጥ ተኝቷል። ልትጎትታት ስትሮጥ አንድ ነገር ውስጥ እግሯን እንደ ጉንዳን ወረራት፤ ወደ ኋላ ዘለለች።

ባሏ ካረፈ ወዲህ በዚያ ቤት ከእሷ ሌላ ትንፋሽ የነበራት ያቺ ላም ብቻ ናት። ሆኖም ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ በዚያ መንገድ ውሃ ይወርዳልና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጣሊያኖቹ ገሰገሰች።

አስተርጓሚው ተረፈ ነገሯን ለመብራት ሞተሩ መካኒክ አድርሶ እየሳቀ ወጣ።

«እመት አዛለች፣ ቫልቮላ የምትባል ቀጭን ነገር አለች። ሽቦው መሬት ከነካ እሷ ተቃጥላ መብራቱን ታጠፋዋለች። ይኸው አልተቃጠለችም። ሽቦሽ የሞተ ነው።»

«ላሜስ?»

«አባ ሰንጋ ይዟት ይሆናላ።»

«አባ ሰንጋ የኔን እግር ምን ቤት ሆኖ ነው የሚወረው? የሚያንጠባጥብ እንስራ እኮ አይሰበርም፣ ውሃው ግን ያልቃል። ይህም ቫልቮላህን ሳያቃጥል ትንሽ ትንሽ እየፈሰሰ ቢሆንስ?»

«እንስራና ሞተር አንድ ሆነና!» ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

ጎረቤቷ መሰለችም «እቴ፣ የላምሽ ሐዘን ራስሽን አዞረው» አለቻት። ሌላው ጎረቤቷ ደበሌማ ባሰ። «ሽቦው ደህና የአጥር ማሰሪያ ይወጣዋል፣ ነገ ማለዳ ቆርጬ እወስደዋለሁ» ብሎ ቢላውን መሳል ጀመረ። ብትለምነው ሳቀባት።

«የፈረንጁን ነገር ባይፈሩ ቦዠን ይፈራሉ» አለች ለራሷ። ቦዠ የመብረቅ ጌታ ነው፤ ምልክቱ የቆመበትን ስፍራ የሚደፍር የለም። ምልክቱን የሚያቆመው ግን አገልጋዩ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ከነካው ከሰው ተራ ይወጣል። ይህንንም ታውቃለች። እያወቀች ከሽቦው ራቅ አድርጋ፣ በመንገዱ በዚህም በዚያም ጫፍ እንደ ቦዠ ምልክት እንጨት ተክላ የደረቀ ኮባ ቋጠረችበት።

ማለዳ ደበሌ ቢላውን ይዞ መጣና ቀጥ አለ።

«ማነው ያቆመው?»

አገልጋዩ ነው ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ውሸት አልወጣላትም።

«እኔ ነኝ። እንዳትሞት ብዬ።»

«እንግዲያው ላምሽን ማን እንደገደላት ታወቀ!»

«ላሟ የሞተችው ምልክቱ ሳይቆም ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

«ቦዠ ሐሳብሽን ቀድሞ ያውቃል» አለና የኋሊት እየረገጠ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ማንም በዚያ መንገድ አላለፈም። ማንም ስላላለፈ ማንም አልሞተም፤ ማንም ስላልሞተ ደግሞ አዛለችን ያመናት የለም። መሰለች ከእሷ ቤት እሳት መጫር ተወች። በሐዘን ቤት ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ።

ክረምቱ ሲገባ መካኒኩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሽቦውን ጠቅልሎ ወሰደ። ስለ ላሟ የጠየቀ አልነበረም። እንጨቶቹን ነቀለቻቸው፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ በላይ በኩል እየዞረ ነው የሚወርደው።

አቋራጩ የእሷ ብቻ ሆነ። ምንጩ ዘንድ ስትደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ይነሣሉ። ዳገቱን ሲወጡ ከኋላ ሆና ትቆጥራቸዋለች። አንዲትም አልጎደለችም።