ለመምህር አወቀ የሚያነበው ስልክ

ራሂማ ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ መጠገን ከጀመረች ሰባት ዓመት ሆናት። መስታወቱ የረገፈ፣ ውሃ የገባበት፣ ባትሪው ያበጠ፣ ምኑ ቅጡ፤ ያልመጣላት ስልክ የለም። ያን ማክሰኞ ጠዋት መምህር አወቀ ይዘውት የመጡት ስልክ ግን ጭረት እንኳ አልነበረውም።

«ራሂማ፣ ድምፁ ጠፋብኝ!» አሉ ገና ከባጃጁ ሳይወርዱ።

መምህር አወቀ ዓይነ ስውር ናቸው። ራሂማን ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ አስተምረዋታል፤ ዛሬም እዚያው ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ የመማሪያ መጽሐፉን ገጽ በስልካቸው ካሜራ እያነሡ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙ ኖረዋል። አማርኛውን ጥርት አድርጎ የሚያነብላቸውን አፕ የሠራችው ሶስና የምትባል የቆሰበር ልጅ ናት። ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ፣ ማየት ለተሳነው አጎቷ ብላ ጀመረችው፤ ኋላ ለፈለገው ሁሉ በነፃ ሰጠች። በትልቁ የአፕ መደብር ውስጥ አልነበረም። ከስልክ ወደ ስልክ ነበር የሚሻገረው።

ራሂማ ስልኩን ከፈተችው። ስልኩ ሲስተሙን በራሱ አድሷል። አፑን ስትነካው የመጣውን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦ «ይህ አፕ ካልተረጋገጠ ሠሪ የመጣ ስለሆነ ለደኅንነትዎ ሲባል ታግዷል።»

«ለእኔ ደኅንነት?» መምህሩ ሳቃቸው መጣ። «ከሶስና ነው የሚጠብቁኝ?»

ወዲያው ሶስና ጋ ደወሉ። የልጅቱ ድምፅ ደክሟል። «ከትናንት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም፣ መምህር። የስልኩ ሲስተም ባለቤቶች ተመዝገቢ አሉኝ፤ መታወቂያዬን ላክሁ። በውጭ አገር ካርድ ክፈይ አሉኝ፤ ካርዱን ከየት ላምጣው? ሰው አገናኙኝ ብል የሚመልስልኝ ማሽን ነው።»

ራሂማ ላፕቶፗን አውጥታ አፑን በኬብል ጫነችው። ገባ። ስልኩ ግን አፑን ማያ ገጹ ላይ ያለውን እንዳያነብ ከለከለው። ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣውን አንባቢ ብትከፍትላቸው ፊደሉን እየሰባበረ፣ ግማሹን እየዋጠ አነበበ።

«ይሄማ ፈረንጅ ቅኔ ቤት ገብቶ ነው» አሉና ስልኩን ትተውላት ወደ ትምህርት ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ከሰዓት ሱቋን ዘግታ ልታማክራቸው ሄደች። በክፍሉ መስኮት ስታይ ተማሪዎቹ በየተራ አንዳንድ አንቀጽ ያነባሉ፤ እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ። «ቆይ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ዘለልሽ» አሏት አንዷን። «‹ከሁለት ዓመት በኋላ› ከሚለው ጀምሪ።» ልጅቱ መጽሐፉን አየች፤ እውነትም ዘልላለች። ራሂማ እዚያው ቆማ ቀረች። ተማሪ ሳለች ይህን ሁሉ እንደ ተራ ነገር ነበር የምታየው።

ደወሉ ሲደወል ቀርባ ነገረቻቸው። «አንድ መንገድ አለ። የስልኩን ሲስተም ጠርጌ፣ በጎ ፈቃደኞች ሠርተው ለሁሉም በነፃ የለቀቁትን ሌላ ሲስተም ልጭንልዎት እችላለሁ። ያኛው ሲስተም አፕ አይከለክልም። ግን ስልኩ ላይ ያለዎት ሁሉ ይጠፋል። መሐል ላይ ከተበላሸም ስልኩ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። የባንክ አፕዎም መሥራቱን እንጃ።»

«ልጆቹ ሲያነቡልኝ ደስ ይለኛል» አሉ መምህር አወቀ። «ነገር ግን እኔ ቀድሜ ያላነበብሁትን ማስተማር አልወድም። ባንኩ ሩቅ አይደለም፣ በእግሬ እሄዳለሁ። ጥረጊው።»

ሐሙስ ሱቋ ውስጥ ሥራውን ጀመረች። ስልኩ ጥቁር ብሎ ቀረ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ የማብሪያ ቁልፉን ደጋግማ ተጫነች። መምህሩ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ «ፈተና ላይም እንዲህ ነበር የምትተነፍሽው» አሏት። ሳቋ አመለጣት። በስልክ ስትከታተል የነበረችው ሶስና ደግሞ፣ «እስቲ ኬብሉን ቀይሪው» አለች። ራሂማ ከጎረቤት ሱቅ ኬብል ተውሳ እንደ ገና ሞከረች። ማያው በራ።

አፑን ስትጭንላቸው መምህሩ መጽሐፋቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ገጹን አነሡ። የሚያውቁት ድምፅ ማንበብ ጀመረ። ገጹን እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ራሂማም ሌላ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቃት አልተንቀሳቀሰችም።

የባንኩ አፕ እንደ ተፈራው እምቢ አለ። የሁሉም ነገር ቦታ ስለተቀያየረ መምህሩ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ፣ በአገውኛ እየቆጠሩ ከዜሮ ተማሩት። ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈጀባቸው። ራሂማ ራሷ ከዚህ በፊት ሲስተሙን ለመልመድ ሳምንት ወስዶባት ነበር።

ቅዳሜ ተመልሰው መጡ። ክንዳቸውን ይዛ የመጣችው ምሥራቅ ናት፤ አዘና ከተማ የምታስተምር፣ እንደ እሳቸው ማየት የተሳናት መምህርት። የእሷም ስልክ ዝም ብሏል። «አጠቃቀሙን እኔ አስረዳታለሁ» አሉ መምህር አወቀ። «አንቺ መጫኑን ያዢልን።»

ራሂማ ላፕቶፗን ከፈተች። ሁለቱ አግዳሚው ላይ ሆነው በአገውኛ ሲያወሩ ቆዩና ድንገት አንድ ላይ ሳቁ።

«ምን አለችዎት?» አለች ራሂማ።

«‹ልጅቱ ጎበዝ ናት ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«ታሪክ ላይ መካከለኛ ነበረች አልኋት። ስልክ ላይ ግን ከእኔ የተማረችው ነገር የለም፤ እኔ ነኝ ከሷ የምማረው አልኋት።»