አንቺሆዬ በሪሀና ግራ እጅ

ልጆቼ፣ ሪሀና ጎረቤቴ ናት፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ነን። እኔ ዕድሜዬን ክራር ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እሷ ኪቦርድ ትጫወታለች። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ኪቦርዷን አቅፋ በሬን አንኳኳች።

«አባባ ዘነበ፣ የዋቅሹማ የሰርግ ባንድ ዛሬ ስምንት ሰዓት ሰንጋ ተራ ይፈትነኛል። የምጫወተው የአንቺሆዬን ቅኝት ከነኮርዱ፣ በግራ እጅ ከነአጃቢ ድምፆቹ ነው። ካበላሸሁት ቦታው የሌላ ሰው ነው።»

«እስኪ አሰሚኝ።»

በቀኝ እጇ የምትጫወተው ዜማ አንጀት ይበላል። ግራዋ ግን…

«ልጄ፣ ቀኝሽ ሙሽራዋን ያጅባል፣ ግራሽ የሌላ ሰው ሰርግ ገብቷል።»

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «መጽሐፉ ሦስት ሦስት ድምፅ ደራርቢ ይላል።»

«መደራረቡስ ደግ ነው። አንቺሆዬ ግን ያለው አምስት ድምፅ ነው። አንቺ ያልተጠራ እንግዳ ታስገቢበታለሽ።»

ክራሬን አነሳሁ። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ክሩን ሁሉ ይመታል፤ የግራ ጣቶች የማይፈለገውን ክር ነክተው ዝም ያሰኙታል። ሁለቱን አፍኜ ገረፍኩት፤ የቀሩት አንድ ላይ ጮኹ።

«ክራርዎ ከኪቦርዱ ዝቅ ብሏል፣ ያጥብቁት እንጂ።»

«አንቺ የራስሽን አላዪው!»

በመጨረሻ እኔው አጠበቅኩት። እሷም ከአምስቱ ድምፆች ሳትወጣ፣ አንዱን እየዘለለች አንዱን እየነካች የሚስማማ ኮርድ ፈለገች። የመጀመሪያው ኮርድ ጣፈጠ። ሁለተኛው እንደ ሎሚ ፊት አስጨማደደን።

«ወላሂ፣ ይሄስ ያስጠላል!»

«እንዳትጥይው። አብረሽው ቆይተሽ ወደ ጣፋጩ ተመለሽ።»

ሰንጋ ተራ አብሬያት ሄድኩ፤ ባንዱ የሚለማመድበት ክፍል በር ላይ ቁጭ አልኩ። ሎሚው ኮርድ ጋ ስትደርስ ከበሮ መቺው ቀና አለ።

«ቆይ ቆይ» አለ ዋቅሹማ፤ «ይሄ ኮርድ ስሙ ማነው?»

«ስሙን አላውቀውም። ከቅኝቱ ግን አልወጣሁም።»

«ለሰርግ አይመርም?»

«ብዙ አላቆየውም» አለችና ወደ ጣፋጩ መለሰችው።

ዋቅሹማ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ድገሚው» አላት። ደገመችው። «ሰኞ ልምምድ አለን፣ እንዳታረፍጂ።»

ወጥተን ታክሲ ውስጥ ገባን። ታክሲው ሊነሳ ሲል ዘወር አልኩና፣ «ሰኞ ስንት ሰዓት ነው ያለሽ?» አልኳት።

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አልጠየቀችም ለካ።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።