የቤተሰብ ባቡር

በዚያ የባሕር ዳር ከተማ ሰው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከሚያምን የጎረቤቱን ዓይን አይቶ ቢያምን ይቀለዋል። ብርዱ ሲያልፍ መርማሪው በየዓመቱ ከዋናው ከተማ ይመጣል፤ በመዝናኛ ፓርኩ ሽቅብ ወጥታ ቁልቁል የምትወረወረውን የጨዋታ ባቡር የእንጨት ሐዲድ ምሰሶ በመዶሻ ይኰረኩማል፣ መንኰራኩሩን ያሽከረክራል፣ ፈርሞ ይሄዳል። ከተማው ግን የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው። ፓርኩ በፋሲካ ሲከፈት፣ አንድም እንግዳ ሳይሳፈር፣ የመጀመሪያው ባቡር የሚሞላው በሠራተኞቹ ልጆችና ሚስቶች ነው። ብሎኑን ያጠበቀው፣ ሰንሰለቱን የቀባው፣ ፍሬኑን የሚይዘው ሁሉ የየራሱን ሥጋ ያስቀምጣል። «የቤተሰብ ባቡር» ይሉታል። ባቡሯ ዞራ ስትመለስ የፓርኩ በር ይከፈታል፤ ነገር አለቀ። የራሱን ልጅ ያስቀመጠ ሰው አይዋሽም።

ፍሬን ያዡ ሴድሪክ ሆልሮይድ ይባላል። ባቡሯ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ በቅርስነት ስለተመዘገበች ምስማር እንኳ ያለ ፈቃድ አይለወጥባትም፤ እንደ ዛሬዎቹ በራሷ የምትቆምበት መላ የላትም። በፊተኛውና በኋለኛው ጋሪ መካከል አንድ ሰው ይቀመጥና ረጅም የብረት እጀታ ይይዛል። ቁልቁለቱ ላይ ስትከንፍ ስቦ ያበርዳታል፣ ጣቢያ ስትገባ ስቦ ያቆማታል። ፍሬኑ የዚያ ሰው እጅ ነው ማለት ይቻላል።

ሴድሪክ ግን ፍሬን ብቻ አልነበረም። ባቡሯ እያቃሰተች ከፍታው ጫፍ ላይ ስትደርስ፣ ባሕሩ ከእግር በታች ሲታይ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ተሳፋሪው ይዞራል። «እስከዚህ ያመጣኋችሁ እኔ ነኝ፤ ከዚህ ወዲያ ፈጣሪ ነው። ቅሬታ ያለው ለእሱ ያቅርብ!» ይላል፤ ባቡሯም ትወረወራለች። በልጅነታቸው ይህን ቀልድ ሰምተው የጮኹ ሰዎች ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ፤ እንዲጮኹ።

ሴት ልጁ አቭሪል የባቡሯ የደኅንነት ኃላፊ ናት። መድረኩ ላይ ቆማ፣ በየተሳፋሪው ጭን ላይ የሚወርደውን ብረት አንድ በአንድ ገፍታ ትፈትሻለች፤ ብረቱ ሁሉ ሲጠብቅ እጇን ታነሣለች፤ አባቷ ፍሬኑን ይለቃል። አባትና ልጅ በዚህ ዓይነት ስንት የሙቀት ወራት አሳልፈዋል።

ባለፈው ዓመት ፓርኩ ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ባቡሯ ጣቢያ ገብታ አልቆመችም። መድረኩን አልፋ ሄደችና እየተንገጫገጨች ወዲያ ማዶ ቆመች። ተሳፋሪዎቹ የጨዋታው ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። «ይደገም!» አለ አንዱ ሞቅ ያለው። አቭሪል ታይ የነበረው አባቷን ነው። ቀኝ እጁ ከእጀታው ተንሸራቶ ጭኑ ላይ ወድቋል፤ የሚስበው በግራው ነበር። ሰዎቹ ሲስቁ ካየ በኋላ ነው እሱም የሳቀው።

«ምን ሆነህ ነው አባዬ?»

«ግራሶ ነው። ያ ረዳቴ ጃረድ እጀታውን ዳቦ መስሎት ቅቤ ቀብቶታል።»

«እጅህን እስቲ አሳየኝ።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እጅ አንባቢ የሆንሽው? ሂጂ፣ ሰዉን አስወርጂ፤ ሕፃናቱ ሊሸኑባት ነው።»

ሲሄድ ጠብቃ እጀታውን ዳሰሰችው። ደረቅ ነበር። ያም ሆኖ መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገች፤ ግራሶ እንደ ነካ ሰው። ሊዘጋ ነው፣ ጥቂት ቀን ነው የቀረው አለች በልቧ። በቀሩትም ቀናት እጇን አነሣች፤ እሱም ለቀቀ።

በብርዱ ወራት የእሑድ ምሳ ላይ ሥጋውን የምትቆርጥለት የአቭሪል ልጅ፣ የልጅ ልጁ ቤስ ሆነች። ያስጀመራት በጨዋታ ነው፤ «አያትሽ ንጉሥ ነው፤ ንጉሥ ሥጋ ሲቆርጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?» እያለ። አቭሪል ከሳህኗ ቀና ሳትል ትበላለች።

ፋሲካ ሲቃረብ ግን አልቻለችም፤ ወደ ፓርኩ ባለቤት ወደ ሚስተር ፔንድሪ ገባች።

«የአባቴ እጅ ደክሟል» አለችው። ቃሉ «ሞቷል» ነበር፤ ከአፏ አልወጣ አለ።

«ያልደከመ ማን አለ? የሐኪም ወረቀቱን አምጥቷል'ኮ።»

«ሐኪሙ ዓሣ አብሮት የሚያጠምድ ጓደኛው ነው። እርስዎም ያውቁታል።»

«አቭሪል፣ ስሚኝ። ያ ሁሉ ሰው በዝናብ እየነዳ የሚመጣው ጣውላ ሊያይ አይደለም፤ አባትሽን ሊያይ ነው። እሱ ከወረደ የሚተርፈኝ ጣውላው ነው። ፋሲካ ይለፍ፤ ከዚያ በኬክ፣ በሙዚቃ፣ በጋዜጠኛ እንሸኘዋለን። እስከዚያ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት።»

ዓይኗን ጣል ልታደርግ ተስማማች። እውነት ለመናገር ቀለል አላት። ተናግራለች፤ አለቃ ሰምቷል፤ ሸክሙ ለሁለት ሆኗል። ለሁለት የተባለ ሸክም ደግሞ መሬት ላይ ይቀራል እንጂ ማን ያነሣዋል?

የመክፈቻው ቀን ካፊያና ነፋስ ነበር። ከብረቱ በር ውጪ ወረፋው እስከ ባሕሩ ግንብ ተዘርግቷል። ውስጥ የቤተሰብ ባቡር እየሞላ ነው። ሻይ ቤት ያላት ሞይራ ክንዷን መስኮቷ ላይ አስደግፋ ትጮኻለች።

«ሴድሪክ! ነፋሱ ሰው ይዞ ይሄዳል፤ ዊግህን ያዝ!»

«ፀጉሩ የራሴ ነው፤ አንቺ ጥርስሽን ያዢ!»

መድረኩ በሳቅ ሞላ። ቤስ ከአያቷ ኋላ፣ ከትከሻው ሥር ተቀምጣለች። አቭሪል ብረቱን እየገፋች እሷ ጋ ስትደርስ ልጅቱ ሸሚዟን ሳበቻት።

«እማዬ፣ ሚስጥር ልንገርሽ?»

«ቶሎ በይ።»

«አያቴን ቆነጠጥኩት። በደንብ አድርጌ፣ በጥፍሬ። ዞር እንኳ አላለም!» አለችና አፏን ይዛ ሳቀች።

አቭሪል አየች። እጀታው ላይ በተጋደመው ቀኝ እጅ ጀርባ ላይ የትንሽ ጥፍር ምልክት አለ፤ ከምልክቱ ቀጭን ደም ወርዶ ጣቶቹ መካከል ገብቷል። ሰውየው ገና ከሞይራ ጋር ይቀልዳል።

«ውረጂ» አለች ቤስን።

«ለምን?»

«ውረጂ አልኩሽ!» ብረቱን ወደ ላይ ገፍታ ልጅቱን በብብቷ አንጠልጥላ አወጣቻት።

እዚያ ከተማ ከቤተሰብ ባቡር ልጅ ማውረድ፣ ሙሽሪት መሠዊያው ፊት ደርሳ «አላገባውም» እንደ ማለት ነው። ሳቁ ተቆረጠ። ከዚያ የጃረድ ሚስት ያለ ቃል ልጇን አቅፋ ተነሣች፤ ቀጥሎ የሰንሰለት ቀቢው ሚስት፤ በየጋሪው ብረቱ ይንቋቋ ጀመር። ከበሩ ውጪ ያለው ወረፋም አንገቱን አሰገገ።

ሴድሪክ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቱን መልሻት።»

«አልመልሳትም።»

«አቭሪል፣ ሰው እያየን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«በእናትሽ ይዤሻለሁ። አንድ ዙር ብቻ። ከዚያ እኔው ራሴ እወርዳለሁ፤ ማንም ሳይነግረኝ።»

«እጅህ እየደማ ነው አባዬ።»

እጁን አየው። የሌላ ሰው ዕቃ ጭኑ ላይ ረስተውበት የሄዱ ይመስል ነበር አስተያየቱ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና ወረደ። በሠራተኛው በር አልወጣም፤ እንግዶቹ ሊገቡ በሚጋፉበት በሚሽከረከረው የመግቢያ በር በተቃራኒው ወጣ። የሚያውቁት ሰዎች ነገሩን አላወቁምና ስልካቸውን አንሥተው ፎቶ አነሡት። «ሴድሪክ! አንድ ቀልድ!» አሉት።

ፔንድሪ እያለከለከ ደረሰ። ጃረድ ፍሬኑን ያዘ። ሴቶቹ ተለምነው ተመልሰው ገቡ፤ ቤስም እያለቀሰች ገባች። ባቡሯ ወጣች፣ ወረደች፣ ዞረች፣ ተመልሳ ልክ መድረኩ ላይ ቆመች። ምንም አልሆነችም። ማንም አላጨበጨበም።

ለአቭሪል ችግሩ ይኸው ነበር፤ ምንም አለመሆኑ። ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውም፤ መቃብር የለው፣ አልቃሽ የለው። ሞይራ ሻይ ስትቀዳላት ሲኒውን ጠረጴዛው ላይ ገጭ አድርጋ ማስቀመጥ ጀመረች። «ሰው ወላጁን እንዲህ ያደርጋል? ለመሆኑ ምን ደረሰ? ምን?» ትላለች፤ ለእሷ ሳይሆን ለሚቀጥለው ሰው የምትናገር እያስመሰለች። ፔንድሪ በበኩሉ ለጋዜጣው «እኛ ዘንድ ደኅንነት ከሁሉ ይቀድማል፤ ለራሳችን ሰው እንኳ አንራራም» ብሎ ተናገረ። የሴድሪክን ምስል በቁመቱ ልክ አሠርቶ በሩ ላይ አቆመው። ሰዉ አቅፎት ፎቶ ይነሣል።

አባቷ በር አልከፍት ብሏት ከረመ። አንድ እሑድ ከሰዓት ግን ከፈተላት። በግራ እጁ ወንበር አሳያት፤ እሱ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

«ልክ ነበርሽ» አለ።

ልቧ ዘለለ። ለዚህች ቃል ነበር የተመላለሰችው።

«እጁ ሞቷል። ካምናው ጀምሮ ነው። አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አባዬ…»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። እኔ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያች ወንበር ስወርድ ሴድሪክ የሚባል ሰው እንደማይኖር አውቄ ዋሸሁ። የኔ ይኸው ነው፤ አስቀያሚ ነው፤ ግን የኔ ነው። ያንቺስ? እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው።»

«አሳፈርሽኝ'ኮ!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ደረቀ። «መንትዮች ይዛ የመጣችው ሴት ትዝ ትልሻለች? ቢጫ ካፖርት ያለበሰቻቸው። አምና ባቡሯ መድረኩን ባለፈች ማግስት ነው የመጡት። ብረቱን ማን ዘጋባቸው?»

አቭሪል ወደ በሩ ዞረች።

«ጠየቅኩሽ'ኮ።»

«እኔ።»

«ዘጋሽ፤ እጅሽን አነሣሽ፤ ለቀቅኩ። በዋዜማው እጀታውን እንደ ዳሰስሽው አይቻለሁ። የሰው ልጆች ሲሆኑ ታሳልፊያለሽ፤ ያንቺዋ ስትሆን ታወርጃለሽ። እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኸ ነው እንጂ ውርደቱ አይደለም። ውርደትስ ይለመዳል።»

ለፔንድሪ ተናግሬ ነበር ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ገና ሳይወጣ አስጠላት።

«ሻይ ላፍላልህ?» አለች።

«አይ። ሂጂ፣ ቤስ ትጠብቅሻለች። ልጅቱን ላኪያት፤ እሷ ትምጣ።» አንቺም ነይ አላለም። እሷም አልጠየቀችው።

በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ ስለነበር ወረፋው ረጅም ነበር። አንድ መነጽር ያደረገ አባት ልጁን አስቀምጦ ራሱ ከመቀመጡ በፊት ዘወር አለ። «ይቅርታ፣ እንዲያው አሮጌ ናት ብዬ ነው። አያሰጋም አይደል?»

«ምንም አያሰጋም፤ አይጨነቁ» አለችው ፈገግ ብላ።

እውነቷን ነበር። እንጨቱ ደኅና ነው፤ የጃረድም እጅ ወጣትና ብርቱ ነው። ድምፁ ግን ያው ነበር፤ አምና ለመንትዮቹ እናት ያንኑ ቃል የሰጠችበት ድምፅ፣ ያው ልስላሴ፣ ያው ፈገግታ። ከውጭ ሆኖ ለሚሰማ ሰው በሁለቱ መካከል ልዩነት አልነበረም። ሰውየው ተረጋጋ፤ አመሰግናለሁ ብሎ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ።